‹8 ሰዓት› ስንት ሰዓት ነው? የቡድን ሥራ መከታተያ አፕን ስለ ማሻሻል

የቡድን ሥራ የሚከታተል የስልክ አፕ ‹ይሻሻል› ሲባል የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ቻት ይጨመርበት፣ ግራፍ ይጨመርበት፣ ቀለሙ ይቀየር። ሰው አፑን የሚተወው ግን ግራፍ ስለጎደለው አይደለም። ጠዋት ‹ተጠናቋል› ብሎ የዘጋውን ሥራ ማታ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው፣ ለ8 ሰዓት የያዘው ቀጠሮ በ2 ሰዓት ሲጮህበት፣ ‹ስራ› ብሎ ሲፈልግ ‹ሥራ› ተብሎ የተጻፈውን ሲያጣው ነው የሚተወው። አንዴ ካላመነው ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ሰው የለቀቀውን ቤት ቀለም መቀባት ነው።

ነገሩን መሬት ለማስያዝ አንድ ቡድን እናስብ። ቢሮው ባሕር ዳር ነው፤ 14 ሰዎች አሉት፤ በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የተበላሹ የእጅ ውኃ ፓምፖችን ይጠግናል። አስተባባሪዋ ከቢሮ ሥራ ትመድባለች፤ ጠጋኞቹ አንዱ ዘጌ፣ አንዱ ቁንዝላ፣ አንዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ሥራ በሙሉ ሲጻፍ ከዚህ አይበልጥም፦ ‹ቁንዝላ፣ ፓምፕ 7፣ ላስቲክ ይቀየር፣ እስከ ጥር 10›፤ ከጎኑ የኃላፊው ስም። የአፑ ሥራ ይችን መስመር ከአስተባባሪዋ ስልክ ወደ ጠጋኙ ስልክ ማድረስ፣ ከዚያም እዚያ የሆነውን መልሶ ማምጣት ነው። ማሻሻልም የሚጀመረው ይችኑ መስመር ከመነሻዋ እስከ መመለሻዋ በመከተልና የት እንደምትወድቅ በማየት ነው።

ቀንና ሰዓት

አስተባባሪዋ ‹ከሰዓት በ8 ሰዓት ዕቃ ይጫን› ለማለት 8:00 ብላ ትሞላለች። ስልኩ 8:00 የሚያውቀው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው፤ እሱ ደግሞ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ተገላቢጦሹ ይብሳል፤ ለጠዋት 2 ሰዓት 2:00 ብሎ የሞላውን ሰው ስልኩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል። ሁለት ሌሊት እንዲህ የተቀሰቀሰ ሰው በሦስተኛው አፑን ያጠፋዋል፤ አይፈረድበትም።

ሰውን ‹በፈረንጅ ሙላ› ብሎ ማስተማር መፍትሔ አይሆንም። ሰዓቱ በዳታቤዙ (መረጃው በሚከማችበት መዝገብ) ውስጥ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ይቀመጥ፤ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ይህም በጋ ክረምት አይለዋወጥም። በእኛ አቆጣጠር መሆን ያለበት የሚታየውና የሚሞላው ነው። ስሌቱ አጭር ነው፦ በ24 ሰዓት አጻጻፍ በተቀመጠው የአገር ውስጥ ሰዓት ላይ 6 ይደመራል፣ ድምሩ ለ12 ይካፈላል፣ ቀሪው ይወሰዳል፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ተብሎ ይጻፋል። 14 ላይ 6 ሲደመር 20፣ ለ12 ሲካፈል ቀሪው 8፤ ከሰዓት 8 ሰዓት ማለት ነው። ስያሜውም በ6 በ6 ሰዓት ይከፈላል፦ ከ6:00 እስከ 11:59 ጠዋት፣ ከ12:00 እስከ 17:59 ቀን፣ ከ18:00 እስከ 23:59 ማታ፣ የቀረው ሌሊት። ሰዓት መምረጫው ላይ መጀመሪያ ‹ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት› የሚሉ አራት ቁልፎች ይምጡ፤ ቁጥሩ ይከተል። ‹ጠዋት›ን ነክቶ 2ን የመረጠ ሰው የሚሳሳትበት መንገድ የለም።

አንዳንድ ፕሮግራመር እዚህ ጋ አቋራጭ ይወስዳል፤ ስሌቱን ትቶ የአፑን የሰዓት ቀጠና በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሰዓቱ ልክ ሆኖ ይታያል፤ ቀኑ ግን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ድረስ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። በስልኩ ማክሰኞ የገባው ሌሊት 7 ሰዓት በአፑ ላይ ገና ሰኞ ነው። ‹ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት› ሲባል እኮ ሰዎች ራሳቸው ይከራከራሉ። ‹ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት› ተብሎ ቢጻፍ ክርክሩ ያበቃል። ቃሉ በአማርኛ አለ፤ አፑ የማይጠቀምበት ምክንያት አይታየንም።

ትንሽ የምትመስል ሌላ ነገር አለች። 2፡30 ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነካው የአማርኛውን ኪቦርድ ሁለት ነጥብ ነው። ለዓይን ከፈረንጁ ምልክት ብዙም አይለይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ አፑ ‹ሰዓቱ ትክክል አይደለም› ብሎ ይመልሳል። ተጠቃሚው ምኑ እንዳልተስማማው ሊገባው አይችልም። ሁለቱንም እንዲቀበል ማድረግ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው።

ወደ ቀኑ ስንመጣ፣ የካላንደሩን ስሌት ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ አንድሮይድ ከ7.0 ጀምሮ የኢትዮጵያን ካላንደር በውስጡ ይዟል፣ አይፎንም አለው። ጣጣው ያለው ተደጋጋሚ ሥራ ላይ ነው። ቡድኑ በየወሩ በ30 ሪፖርት ያስረክባል እንበል። መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጁ ኦክቶበር 10 ላይ ይውላል። አፑ ‹በየወሩ› የሚለውን በፈረንጁ ወር ከቆጠረ ቀጣዩ ማስታወሻ የሚመጣው ኖቬምበር 10 ነው፤ ያ ደግሞ ኅዳር 1 ነው። የጥቅምት ሪፖርት ቀኑ ትናንት አልፏል። ጃንዋሪ 10 ሲደርስ ጥር 2፣ ፌብሩዋሪ 10 ሲደርስ የካቲት 3 ሆኗል። ስለዚህ በዳታቤዙ የሚቀመጠው የሚቀጥለው ቀን ብቻ ሳይሆን ደንቡ ራሱ መሆን አለበት፤ ‹በኢትዮጵያ ወር፣ ቀን 30›። ቀጣዩ ቀን ከደንቡ በየጊዜው ይሰላ።

ጳጉሜ የራሷን ደንብ ትፈልጋለች። ‹በየወሩ በ30› የተባለ ሥራ 5 ወይም 6 ቀን ባላት ወር ምን ይሁን? ካልተነገረው በቀር አፑ ቢዘላት ይሻላል፤ ደመወዙም ለጳጉሜ ለብቻው አይከፈልም። በግራፍ ግን መዝለል አይቻልም፦ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ይዞ 95 ወይም 96 ቀን ይሆናል፣ የቀሩት 90 ናቸው። ሩብ ዓመትን ከሩብ ዓመት የሚያወዳድር ገጽ ይህን ካላሰበ ቡድኑ በመስከረም ጎብዞ በታኅሣሥ የሰነፈ ያስመስለዋል።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ። ‹እስከ ጥር 10› የሚል ቀነ ገደብ ሰዓት የለውም። ፕሮግራሙ ግን ‹ጥር 10 እኩለ ሌሊት› አድርጎ ወደ ዩቲሲ ሲቀይረው የጥር 9 ቀን 21:00 ይሆናል፤ ሰርቨሩ (የሁሉም ስልክ መረጃ የሚሰበሰብበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ብቻ ሲያስቀር ጥር 9 ይቀራል። ጠጋኙ አንድ ቀን ያጣል፣ ማን እንደወሰደበትም አያውቅም። ሰዓት የሌለው ቀን፣ ቀን ብቻ ሆኖ ይቀመጥ።

ኔትወርክ በሌለበት

ኢንተርኔት ከሌለ ነጭ ገጽና የምትሽከረከር ክብ የሚያሳይ አፕ ለቢሮ ይሆናል፤ ሐይቁ ዳር ግን ሥራ የለውም። አሠራሩ ከሥሩ መገልበጥ አለበት፤ አፑ ሁልጊዜ የሚያነበውም የሚጽፈውም በስልኩ ላይ ካለው ዳታቤዝ ነው፣ ለዚህም ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ ይበቃል። ሰርቨሩ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ የሚገናኙት ሁለተኛ ወገን ነው። ጠጋኙ ‹ተጠናቋል›ን ሲነካ ለውጡ ወዲያው ስልኩ ላይ ይጻፋል፣ ወዲያውም ይታየዋል፤ ግልባጩ ‹ሊላክ የሚጠብቅ› በሚል ወረፋ ውስጥ ይገባል። የአፕና የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መለኪያ ዛሬም ይሠራል፦ ምላሹ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ለሰው ‹ወዲያው› ነው፣ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ ሳይቋረጥ ይጠብቃል፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ትቶ ሌላ ነገር ይጀምራል። ከስልኩ ማከማቻ ማንበብ በመጀመሪያው ልክ ውስጥ ይገባል፤ ከሰርቨር መጠበቅ ግን በደካማ ኔትወርክ በሦስተኛው ይወድቃል።

ሰው የሠራው የት እንደደረሰ ማየት አለበት። ቴሌግራም ላይ ገና ካልሄደ መልእክት ጎን የምትታየውን የሰዓት ምልክት ያላየ የለም፤ ያንኑ ልማድ መጠቀም ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ሦስት ሁኔታ ይበቃል፦ ‹ስልኬ ላይ ብቻ›፣ ‹እየተላከ›፣ ‹ደርሷል›። ይህች ምልክት ከሌለች ጠጋኙ ይጠራጠርና ደግሞ ይነካል፣ ደግሞ ይልካል።

ደግሞ መላክ በራሱ ችግር የሚሆነው እንዲህ ነው። ስልኩ ይልካል፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ ይመዘግባል፤ ‹ደርሶኛል› የሚለው መልስ በመንገድ ላይ ይጠፋል። ስልኩ እንዳልደረሰ ቆጥሮ እንደገና ይልካል። አንዱ ጥገና ሁለት ሆኖ ይመዘገባል፤ ወሩ ሲያልቅ ከመጋዘን የወጣው ላስቲክ 20፣ በአፑ የተቀየረው 23 ይሆናል፣ ከዚያ ንብረት ክፍሉ ማብራሪያ ይጠይቃል። መፍትሔው እያንዳንዷ ድርጊት እዚያው ስልኩ ላይ ስትፈጠር የማይደገም መለያ ቁጥር እንድታገኝ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ዳግም ካየ ‹ይህ አለኝ› ብሎ ያልፋል።

ሁለት ሰው አንድን ሥራ በየፊናው ሲቀይረውስ? አስተባባሪዋ ቀነ ገደቡን ወደ ጥር 15 ገፋች፤ በዚያው ሰዓት ጠጋኙ ያለ ኔትወርክ ሥራውን ዘጋ። ‹የመጨረሻው ያሸንፋል› የሚል አፕ ከሁለቱ አንዱን ይውጠዋል። ለውጡ በሙሉ መዝገብ ሳይሆን በየመስኩ፣ ማለትም በየመሙያው ተለይቶ ከተላከ ግን ሁለቱም ይተርፋሉ፤ ቀኑ 15፣ ሁኔታው የተዘጋ። ሁለቱም አንዱን መስክ ነክተው ከተገኙ ሰርቨሩ ዝም ብሎ አይምረጥ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳይና ሰው ይወስን። ግጭቱን ለማወቅ የስልኩን ሰዓት ማመን አይቻልም፤ ባትሪው ተሟጦ ቀኑ የተዛባበት ስልክ ሞልቷል። ስልኩ ‹እኔ የቀየርኩት 4ኛውን እትም ነው› ብሎ ይላክ፤ ሰርቨሩ 5ኛው ላይ ከደረሰ መሐል ላይ ሌላ ሰው እንደገባ ይታወቃል።

የተሰረዘ ሥራም እውነተኛ መሰረዝ አይገባውም። ከሰርቨሩ ጨርሶ ከጠፋ፣ ለሳምንት ኔትወርክ ያላገኘ ስልክ ሲመለስ ‹ይህ ሥራ እናንተ ጋ የለም› ብሎ እንደ አዲስ ይልከዋል፣ ሥራው ከሞት ይነሳል። ‹ተሰርዟል› የሚል ምልክት ተደርጎበት ከዕይታ ይራቅ።

ፎቶ የራሱ ወረፋ ይሰጠው። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል፤ የተቀየረ ላስቲክ ለማሳየት ረጅሙ ጎኑ 1,280 ፒክስል ሆኖ ቢቀነስ ይበቃል፣ ክብደቱም ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል። ጽሑፉ ቀድሞ ይሂድ፤ ፎቶው በቁራጭ በቁራጭ ይከተል፣ ሲቋረጥም ካቆመበት ይቀጥል። ፎቶው አልሄድ ብሎ ‹ተጠናቋል› የሚለውን ቃል አስሮ የሚይዝ አፕ አሠራሩ ተገልብጧል።

አንድሮይድ ላይ ይህን ከበስተጀርባ የሚያከናውነው ወርክማናጀር የተባለው የፕሮግራመር መሣሪያ ነው። ልኩን ማወቅ ይጠቅማል፦ ተደጋጋሚ ሥራን ከ15 ደቂቃ ባነሰ ልዩነት አያስኬድም፤ ሙከራ ሲከሽፍ የመጀመሪያው ጥበቃ 30 ሰከንድ ሆኖ እየተባዛ እስከ 5 ሰዓት ይረዝማል። ጠጋኙ በጀልባ ከዘጌ ባሕር ዳር ገብቶ ኔትወርክ ቢያገኝም አፑ ገና ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አፑ በተከፈተ ቁጥር ጥበቃው ተሽሮ ወዲያው ይሞከር፤ ‹አሁን መላክ› የሚል ቁልፍም ይኑር።

ፊደሉ

ከተማዋ ራሷ ‹ባሕር ዳር›፣ ‹ባህር ዳር›፣ ‹ባህርዳር› ተብላ ትጻፋለች። ፍለጋው ፊደል በፊደል የሚያመሳስል ከሆነ ሦስት ከተማ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተስተካከለ ቅጂ ይቀመጥ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው፤ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ወደ ሀ፤ ዓ እና ኣ ወደ አ፤ ክፍት ቦታውም ይውጣ። የሚፈለገው ቃልም በዚሁ መንገድ ይለፍ። የሚታየው ጽሑፍ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆይ፤ የሰው ስም ላይ ሠን ወደ ሰ መቀየር የአፕ ሥልጣን አይደለም።

ስምን ካነሳን፣ ‹የቤተሰብ ስም› የሚል መሙያ ይውጣ። ስም፣ የአባት ስም፣ ካስፈለገ የአያት ስም። ዝርዝሩም በአባት ስም ሳይሆን በራስ ስም ይደርደር።

ማሳወቂያው ላይ ግሡ ያስቸግራል። ‹ሥራውን ጨርሷል› ተብሎ የተጻፈ ቅጽ ሴቷ ጠጋኝ ስትጨርስ ስህተት ነው፤ ጾታ እየጠየቁ መመዝገብም ለዚህ ሲባል አያስፈልግም። ‹ተጠናቋል፦ ፓምፕ 7› ብሎ ከሥር ስሙን ማስቀመጥ ይበቃል። ቁልፍ ላይም እንዲሁ፤ ‹ላክ› ወይም ‹ላኪ› ከማለት ‹መላክ›። ከቁጥር በኋላ ‹ዎች› መቀጠል ግዴታ አይደለም፤ ‹3 ሥራ ቀርቷል› ትክክለኛ አማርኛ ነው፣ ‹1 ሥራዎች› ከሚል አሳፋሪ ጽሑፍም ያድናል።

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በተለመደው ዘዴ፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ጽሑፍን በባይት እየቆጠረ የሚቆርጥ ሰርቨር ፊደሉን ከመሐሉ ይሰነጥቀውና መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ትቀራለች። በፊደል ይቆጠር።

ማሳወቂያ

አንድ ሥራ ሲፈጠር፣ ሲመደብ፣ ፎቶ ሲጨመርበት፣ አስተያየት ሲጻፍበት፣ ሲዘጋ ለ14ቱም ሰው የሚጮህ ከሆነ ከአንድ ፓምፕ ብቻ 70 ጩኸት ይወጣል። ሰው በሁለተኛው ቀን ድምፁን ያጠፋል፤ የእሱን የሚመለከተውም አብሮ ይጠፋል። ወዲያው መጮህ የሚገባው ‹ሥራ ተመድቧል›፣ ‹ቀኑ ተቀየረ›፣ ‹ሥራው ቆሟል› የሚሉት ናቸው፣ እነሱም ለሚመለከተው ሰው ብቻ። የቀረው ተጠቃሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በአንድ መልእክት ይምጣ።

ከአንድሮይድ 13 ወዲህ አፕ ማሳወቂያ ለመላክ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው አፑ ገና እንደተከፈተ ከመጣ ሰው ‹አልፈቅድም›ን ነክቶ ያልፋል፣ ያንንም መመለስ አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሲመደብለት ‹ሥራ ሲመጣ እንድናሳውቅ› ተብሎ ቢጠየቅ ምክንያቱ ይታየዋል። ከዚህ ሌላ፣ በርካሽ ስልኮች ላይ ባትሪ ቆጣቢው ከበስተጀርባ ያለውን አፕ ይዘጋዋል፤ አፑ ይህን አውቆ ወደ ባትሪ ቅንብሩ የሚወስድ አንድ ቁልፍ ከነማብራሪያው ያዘጋጅ።

ለጥብቅ ጉዳይ ኤስኤምኤስ እስካሁን የሚተካው አላገኘም። በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው መልእክት በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆንና ሒሳቡ በክፍል ይቆጠራል። ‹ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቁንዝላ፤ ፓምፕ 7፤ ላስቲክ ይቀየር› ክፍት ቦታውን ጨምሮ 35 ነው። ‹የተከበሩ ባልደረባችን› ብሎ የሚጀምር ግን ቁም ነገሩ ሳይደርስ አምስተኛው ያህል ያልቃል።

ቅጹና ሙከራው

አዲስ ሥራ ለመመዝገብ ግዴታ የሚሆኑት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። ‹ማን› የሚለው አንድ ሰው ይሁን፤ የሁለት ሰው ኃላፊነት የተባለ ሥራ የማንም አይሆንም። ‹ቆሟል› የሚለው ሁኔታ ምክንያት ይጠይቅ፣ ግን በመንካት እንጂ በመጻፍ አይደለም፦ ዕቃ አልደረሰም፣ ፈቃድ እየተጠበቀ ነው፣ መንገድ ተበላሽቷል፣ ሌላ። በክረምት ፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይነካል፤ አስተባባሪዋም ጠጋኙን ከመውቀስ ሥራውን ለጥቅምት ታዛውራለች። ቁልፎቹ ቢያንስ 48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ)፣ ማለትም 9 ሚሊሜትር ያህል ይሁኑ፤ ግሪስ የነካው ጣት ከዚያ ያነሰ አይመታም።

ሙከራው በፕሮግራመሩ ጥሩ ስልክ አይሁን። ቡድኑ ውስጥ ካሉት ርካሹ፣ ማከማቻው ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስልክ ይመረጥ። ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ አምስት ሥራ መዝጋት፤ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፤ ኔትወርክ ሲመለስ አምስቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ መድረሳቸውን ማየት። የስልኩን ቀን አንድ ቀን ወደ ኋላ መልሶ ያንኑ መድገም። በሁለት ስልክ አንዱን ሥራ ሳይገናኙ መቀየር። ቀነ ገደብ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ብሎ መሙላት፤ ያ ዓመት ስድስተኛ ቀን አለው፣ 2018 ግን የለውም፣ አፑም አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መመለስ አለበት።

አዲሱ እትም ሲወጣ መጀመሪያ ለሁለት ሰው ለአንድ ሳምንት ይሰጥ። በተለይ አንድ ነገር ይታይ፦ ወረፋው ውስጥ ያልተላከ ሥራ ያለበት ስልክ ሲታደስ ወረፋው አብሮ ይሻገራል ወይስ ይጠፋል? የዳታቤዙ ቅርጽ ሲቀየር በብዛት የሚረሳው እሱ ነው። አፑ ደግሞ እዚህ አገር በቴሌግራም ከሰው ሰው ስለሚተላለፍ አሮጌው እትም ወራት ይቆያል፤ ሰርቨሩ አሮጌውን ቋንቋ ጭምር እየሰማ ይቆይ፣ የሚቆምበትንም ቀን አፑ አስቀድሞ በአማርኛ ይናገር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር።